ከመንጋ ነጻ

«ክቡራትና ክቡራን ነዋሪዎች! የክፍለ ከተማችን የንብ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት፣ አደይ አበባ ከዛሬ ማለዳ ጀምሮ በይፋ መፍካቷን ሲያበስር ታላቅ ኩራት ይሰማዋል።»

ድምፅ ማጉያው ይህንኑ አንዴ ደገመና መዝሙር ለቀቀ። ናሆም ተካልኝ ብሎክ አምስት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ጥርሱን እየቦረሸ ነበር። አደይዋ ከፈካች ሳምንት አልፏታል። ብሎክ ዘጠኝ ጣሪያ ላይ ያሉት የንብ አናቢዎች ማኅበሩ ንቦችም ይፋውን ቀን የሚጠብቁ ዓይነት አልነበሩምና ቅስሙን ማመላለስ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ቢሆንም ናሆም አፉን ተጉመጥምጦ፣ እንደ ማንኛውም ደህና ነዋሪ በረንዳው ላይ ወጣና አጨበጨበ። ከፊት ለፊት ያሉትም በፒጃማቸው ወጥተው አጨበጨቡ። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ።

ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ ጋር ተጋጥማ አንድ ከተማ ከሆነች ወዲህ በዚህ አካባቢ እርሻ የሚባል ነገር የለም። አበባው ያለው በየጣሪያውና በየበረንዳው በተደረደረ ሣጥን ውስጥ ነው። ውሃ በተራ ነው፣ መብራት በተራ ነው፣ ሊፍትም በተራ ነው። ሰውም ከዚህ የተነሳ ታጋሽ ሆኗል ይባላል፤ ድምፅ ማጉያው ቢያንስ እንደዚያ ይላል።

ናሆም ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ለጡረታ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ሥራው ይቅርታ መጠየቅ ነው። አውቶቡስ ሲዘገይ፣ ባቡር መሐል መንገድ ላይ ሲቆም፣ ተሳፋሪው ስልክ ይደውላል፤ ናሆም ይቅርታ ይጠይቀዋል። ድሮ ይህን ማሽን ነበር የሚሠራው፤ ሕዝቡ የማሽን ይቅርታ አልጥም አለን ብሎ ስላስቸገረ ድርጅቱ ሰው ቀጠረ። አውቶቡስ ከመጨመር ይቅርታ ጠያቂ መጨመር ቀሎ ተገኘ። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሶሊያና ራት ስታቀርብለት እንኳ አፉ በልማድ «ለደረሰብዎት መጉላላት…» ብሎ ይጀምራል፤ እሷም «ዝም ብለህ ብላ» ትለዋለች።

ንብ የያዘው ለዚህ ነበር። ንብ ይቅርታ አትፈልግም። ካጠፋህ ትነድፍሃለች፤ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

እንዲያ ነበር፣ ምርጥ ንግሥት እስክትመጣ ድረስ።

ምርጥ ንግሥት በየዓመቱ መስከረም ላይ ከጽሕፈት ቤቱ ትታደላለች። አውራ ጣት በምታክል የሽቦ ጎጆ ውስጥ ሆና፣ የክንፏ ጫፍ ተቆርጦ፣ ጀርባዋ ላይ የዓመቱ ቀለም ተነጥቦ ነው የምትመጣው። ልጆቿ አይቆጡም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መንጋ አያወጡም፤ በተመደቡበት ቀፎ ተወልደው፣ በተመደቡበት ሠርተው ይሞታሉ። ጽሕፈት ቤቱ የሚወድላቸው ይህን ነው። መንጋ ማለት የቤቱ ግማሽ አሮጊቷን ንግሥት ይዞ፣ ቤቱን ለአዲሷ ትቶ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ አድራሻ መቀየሩ ነውና። መንጋ የወጣበት ቀፎ ውስጥ ያለችው ምርጥ ንግሥት አይደለችም ማለት ነው፤ ምርጥ ንግሥት የሌለችበት ቀፎ ደግሞ «ይጸዳል»። የብሎክ ሦስቱ አቶ ኪሩቤል ቀፎ ሲጸዳ ናሆም አይቷል። ነጭ የለበሱ ሰዎች ወሰዱት፣ ከሰዓት በኋላ መለሱት። ሣጥኑ ታጥቧል፣ ተወልውሏል፣ የሆስፒታል ኮሪደር ይሸታል። አቶ ኪሩቤል ለመልካም መስተንግዶው አመስግኖ ፈረመ፤ ከዚያ ወዲህ ዓሣ ነው የሚያረባው።

በመጀመሪያው ዓመት ናሆም ሁሉንም እንደ መመሪያው አደረገ። የቆየችውን ንግሥት፣ እንደ አባቱ «አውራዬ» የሚላትን፣ አስረከበ፤ ምርጧን አስገባ። በማግስቱ ክዳኑን ሲከፍት ንቦቹን እንደ ሎሚ ድብልብል ብለው ተጠቅልለው አገኛቸው። ውሃ ረጭቶ ሲበታትናቸው ከመሐላቸው ንግሥቲቱ ወደቀች። አልነደፏትም። ዝም ብለው አቅፈው ነው የገደሏት። ከዚያ አሮጊቷ ትታው ከሄደችው እንቁላል የራሳቸውን አውራ አሳደጉ።

ናሆም ይህን ለማኅበሩ ስብሰባ ሊናገር እጁን አውጥቶ ነበር። ከእሱ በፊት ዕድሉ የደረሰው ግን ባሮክ ነበር፤ የጎረቤቱ ባሮክ፣ ሌላው የሁለት ቀን ጉንፋን ቢይዘው እሱን የሦስት ቀን የሚይዘው ሰው።

«የእኔዋማ ምን ልበላችሁ!» አለ ባሮክ። «እንደ ሙሽራ ነው የተቀበሏት። እልልታ ብቻ ነው የቀራቸው!»

ቀጥላ እትዬ ሄቨን ተነስታ የእሷዋ ገና በገባች በነጋታው እንቁላል መጣል እንደ ጀመረች ተናገረች። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። ናሆም ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔም ደህና ናት» አለና ተቀመጠ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ መሰለው። አምስት ዓመት ሙሉ እንደ መሰለው ኖረ።

አሠራሩን ግን ለመደው። በየዓመቱ የሚሰጡትን ንግሥት ወደ ቀፎው አያስገባትም፤ ቤቱ ይወስዳታል። ሶሊያና የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀምጣ እስክትሞት ድረስ ስኳር ውሃ ታጠጣታለች። ስትሞት በክብሪት ቀፎ ውስጥ ትቀመጥና ለሚቀጥለው መስከረም «አገልግሎቷን የጨረሰች» ተብላ ትመለሳለች። ቀፎው ውስጥ ያለችው የራሱ አውራ ደግሞ፣ የመጀመሪያዋ ስታረጅ ንቦቹ በቦታዋ ያነገሷት፣ ተቆጣጣሪ ቢመጣ እንዳትታወቅ፣ የዓመቱን ቀለም ትቀባለች።

አደይ በይፋ በፈካች በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ናሆም ከሥራ ለአንድ ሰዓት አስፈቅዶ የክብሪቱን ቀፎ ይዞ ጽሕፈት ቤት ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው የክፍሉ ኃላፊ ራሷ ነበረች፤ ወይዘሪት ባንቺአምላክ። ስሟ የዘመኑ ነው። የዛሬ ወጣት ሁሉ ባንቺአምላክ፣ ውብአንተ፣ ጥላነሽ ነው፤ ናሆምና ባሮክ የሽማግሌ ስም ሆነው ቀርተዋል።

«ጋሽ ናሆም! እንኳን አደረሰዎ። እንዴት ነበረች ዓመቱን?»

«ደህና ነበረች። ሠራተኛ ናት።»

«መንጋ?»

«ኧረ እሷቴ! ከቤት የምትወጣ አይደለችም።»

ባንቺአምላክ ክብሪቱን ከፈተችው። ንግሥቲቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ደርቃለች። ኃላፊዋ ስትተነፍስ የንግሥቲቱ አንድ እግር በነነ።

«መቼ ነው ያረፈችው?»

«ትናንት» አለ ናሆም።

«ነፍስ ይማር» አለች ባንቺአምላክ፣ ፊቷ ሳይለወጥ። ክብሪቱን ከኋላዋ ከተደረደሩት ክብሪቶች ላይ ደረበችው። ከዚያ አዲሷን በሽቦ ጎጆዋ ሰጠችው። «የዘንድሮው ቀለም ሰማያዊ ነው። ቅዳሜ በዓሉ እንዳይረሳዎ። ከማዕከል እንግዳ ይመጣል። አምስት ዓመት አንድም መንጋ ያልወጣበት ሰፈር ተብለን ባንዲራ ልንሰቅል ነው። ‹ከመንጋ ነጻ›። ከእኛ ሌላ ማንም የለውም።»

«እሰይ» አለ ናሆም።

«ብቻ እስከ ቅዳሜ…» ጀመረችና ተወችው። «ብቻ በሰዓቱ ይገኙልን።»

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ናሆምና ሶሊያና ብሎክ ዘጠኝ ጣሪያ ላይ ነበሩ። ሊፍቱ ተራው የብሎክ አሥራ አንድ ስለነበር ስምንቱን ፎቅ በእግራቸው ነው የወጡት። የማኅበሩ ቀፎዎች ሁሉ እዚያ ነው ያሉት፣ በአንድ ጣሪያ ላይ፣ በሰው አንድ ብቻ። ሁለት ማድረግ ክልክል ነው። ሶሊያና መረቡን ፊቷ ላይ አውርዳ የጥፍር ቀለሙን እየነቀነቀች ጠበቀች።

«ያዝካት?»

«ይዣታለሁ። ቶሎ በይ፣ ሆዷን እንዳልጨፈልቃት።»

«ይሄ እኮ ሰማያዊ አይደለም። ወደ ሐምራዊ ይሄዳል።»

«ማን ያያታል?»

«አንተ ታያታለህ። እኔ አያታለሁ። ሐምራዊ አድርጌማ አልለቃትም፣ ሌላውን አምጣ፣ ከቦርሳው ኪስ ውስጥ።» ሶሊያና ብሩሹን ጠርሙሱ አፍ ላይ ጠረገችና የአውራዋ ጀርባ ላይ አንዲት ነጥብ አሳረፈች። «የራሴን ጥፍር ከቀባሁ ስንት ዘመኔ ነው። ለዚች ግን ዓመት አልዘልባትም። ይድረቅ፣ እፍ አትበላት፣ አፍህ ሽንኩርት ይሸታል።»

ናሆም ቀለሙ ሲደርቅ አውራዋን ሊመልሳት የመሐለኛውን የማር እንጀራ አነሳ። ከግርጌው፣ እንደ ለውዝ፣ ፍሬ ፍሬ መሳይ የሰም ቤቶች ተንጠልጥለዋል። ሁለተኛውን አነሳ፤ እዚያም አለ። ናሆም ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«ምን ሆንክ?»

«አዲስ አውራ እያሳደጉ ነው። ሊወጡ ነው።»

«የት?»

«የት እንደሆነ እነሱም አያውቁም። መንጋ ሊያወጡ ነው እልሻለሁ።»

ሶሊያና የጥፍር ቀለሙን ክዳን አጠበቀች። ከታች ድምፅ ማጉያው ስለ ቅዳሜው በዓል ይናገራል። «በዚህ ሳምንት?» አለች።

«ቦታ ጠቧቸዋል። ድሮ ቢሆን ከሁለት ከፍሎ ግማሹን ሌላ ቀፎ ማስገባት ነው፣ ያልቃል። አሁን የት ላስገባቸው፣ አልጋችን ላይ?»

«ታዲያ ቁረጠዋ!»

ቆረጠ። ቢላውን እያገላበጠ፣ የሰም ቤቶቹን አንድ በአንድ ነቅሎ በኪሱ ከተተ። ውስጣቸው ነጭ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ኪሱ እርጥብ ሆነ። በሥርዓቱ ከሆነ ንቦቹን ከእያንዳንዱ እንጀራ ላይ አራግፎ፣ ራቁቱን አስቀርቶ ነው ማየት የሚገባው፤ ንብ የአውራ ቤት ላይ ተከምሮ ይሸፍነዋልና። ናሆም ይህን ያውቃል። ግን ቀኑን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቅ ውሎ፣ ስምንት ፎቅ ወጥቶ፣ ወገቡ እምቢ አለው። የኋለኛውን እንጀራ ሳያራግፍ፣ እንዲሁ ከላይ አይቶ መለሰው።

«ሁሉንም ቆረጥክ?»

«ሁሉንም» አለ።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ቢሮ ተቀምጦ የሰው ስድብ ሲሰማ ያ ያላራገፈው እንጀራ ትዝ ይለው ጀመር። አንዲት ሴትዮ አውቶቡስ አጥታ ልጇን ከትምህርት ቤት ዘግይታ እንደወሰደች እየነገረችው፣ እሱ ስለ ንብ ያስባል። «ይቅርታ» አላት። «ቆራርጠን እንጨርሰዋለን።» ሴትዮዋ ምን እንደሚቆራርጥ ጠየቀችው።

ከሥራ መልስ ብቻውን ጣሪያው ላይ ወጣ። ቀፎው በር ላይ ንቦቹ እንደ ጢም ተንጠልጥለዋል፤ ውስጥ መቀመጥ ሰልችቷቸው ደጅ የሚያወሩ ሥራ ፈቶች ይመስላሉ። መጥፎ ምልክት ነው። ሊከፍተው መረቡን ሲያወርድ ከወዲያኛው ረድፍ ኮሽታ ሰማ። ባሮክ ነበር። የራሱ ቀፎ ተከፍቷል፤ እጁ ላይ ቢላ አለ፤ ቢላውን ቶሎ ብሎ ወደ ኋላው ደበቀ።

«ባሮክ።»

«ናሆም! ደነገጥኩ እኮ። ሰም… ሰም እየፋቅሁ ነበር። ለነገ አምሮ እንዲታይ።»

«አይ፣ ጥሩ ነው።»

«አንተስ? ፊትህ የዘገየ አውቶቡስ መስሏል።»

«አየር ላገኝ ነው የወጣሁት።»

«የእኔዋ እንግዲህ እንደምታውቃት ናት። ሰላም ናት፣ ምን ልበልህ። እናቴ እንደዚህች ሰላም አልነበረችም።» ባሮክ ይህን እያለ የጃኬቱን ኪስ በእጁ ሸፈነ። ኪሱ እርጥብ ነበር። ናሆም አየው፤ ግን ደክሞት ስለነበር ያየውን አላሰበበትም። ባሮክ ሳይወርድ ቀፎውን መክፈት ስላልቻለ ቆመው ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ። የባሮክ ሕመም ይበልጥ ነበር። ጨለማው መጣ፤ ሁለቱም ቀፎዎቻቸውን እንደነበሩ ትተው ተያይዘው ወረዱ።

ቅዳሜ ዕለት በዓሉ በብሎክ አምስትና በብሎክ ዘጠኝ መካከል ባለው ግቢ ተደረገ። ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ሰማያዊ ቲሸርት ታድሏል። የናሆም ቲሸርት ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስል እምብርቱ ላይ ቀረ። ጸሐዩ ሞቅ፣ ነፋሱ ጸጥ ያለ ነበር። ናሆም ሰማዩን አየ። መንጋ የሚወጣው እንዲህ ባለ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ነው።

«ዞር ዞር አትበል» አለች ሶሊያና፣ ፊቷን ወደ መድረኩ አድርጋ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ሌባ ትመስላለህ።»

ከማዕከል የመጡት እንግዳ ጥቁር ሱፍ የለበሱ፣ የደከሙ ሰው ነበሩ። በዚያ ሳምንት ሌላ ሦስት ቦታ ባንዲራ ሰቅለዋል ተባለ፤ ከወባ ነጻ፣ ከጫጫታ ነጻ፣ ሦስተኛውን ማንም አላስታወሰውም። ባንቺአምላክ ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምታ ማይክራፎኑን ያዘችና አስተዋወቀቻቸው። ጽሕፈት ቤቱ ራሱም ሞዴል ቀፎ እንዳለው፣ እዚያው ብሎክ ዘጠኝ ጣሪያ ላይ፣ በእሷ በራሷ እጅ እንደሚያዝ፣ ለነዋሪው ሁሉ አርአያ እንደሆነ ተናገረች። ተጨበጨበ። እንግዳው ተነስተው ወረቀታቸውን ዘረጉ።

«በዚህ ሰፈር» አሉ እንግዳው፣ «ባለፉት አምስት ዓመታት አንድም መንጋ…»

ናሆም ድምፁን ቀድሞ የሰማው እሱ መሰለው። ሩቅ ያለ ከባድ መኪና የሚመስል ድምፅ ነው፤ ብቻ ከላይ ነው የሚመጣው። ከዚያ በወንበሮቹ ላይ ጥላ አለፈ። ከብሎክ ዘጠኝ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ቡናማ ደመና ፈሰሰ፣ ተዘረጋ፣ ተሽከረከረ፣ በድንኳኑ ላይ ቀስ ብሎ አለፈ።

እንግዳው ቀና አሉ። «ምንድን ነው እሱ?»

ሁለተኛው ረድፍ ላይ እትዬ ሄቨን ጎንበስ አለችና እፍኝ አፈር ዘግና ወደ ላይ ልትበትን እጇን አነሳች። መንጋ ሲያልፍ እንዲያርፍ የሚደረገው ድሮ እንዲያ ነበር። እጇ አየር ላይ ሳለ ሰው ሁሉ አያት። እሷም አፈሩን ቀስ ብላ መሬት ላይ አፈሰሰችና መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

ባንቺአምላክ ማይክራፎኑን ወሰደች። ድምፅዋ እንደ ዘወትሩ ነበር።

«ክቡራንና ክቡራት፣ የሰፈራችን ንግሥቶች መብረር እንደማይችሉ ይታወቃል። ስለዚህ የምታዩት ነገር መንጋ አይደለም። ተረጋግታችሁ ተቀመጡ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አሉ እንግዳው።

«እየተጣራ ነው።»

ሰዉ ተቀመጠ። ናሆም ግን ያ ያላራገፈው እንጀራ ዓይኑ ላይ ተደቀነ። ቀፎው ባዶውን ታየው፤ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ሆስፒታል ሆስፒታል ሲሸት። የቀሩትን ቶሎ ቢደርስላቸው፣ ሌላ የአውራ ቤት ካለ ቢነቅል፣ ክዳኑን ቢዘጋ፣ ማንም ሳያይ… አጠገቡ ላሉት «ይቅርታ» አለና ተነሳ።

«ተቀመጥ!» አለች ሶሊያና።

«ሽንት ቤት ነው።»

«ናሆም!»

አልሰማትም። የወንበሩን ጠርዝ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በድንኳኑ ጎን ወጥቶ ወደ ብሎክ ዘጠኝ በር ሄደ። ሊፍቱ ተራው አልነበረም። ደረጃውን ሲጀምር ከላይ የሴት ትንፋሽ ሰማ። እትዬ ሄቨን ነበረች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ ሁለተኛው ፎቅ ደርሳለች። መቼ ከወንበሯ እንደተነሳች አላየም። ከኋላው ደግሞ የጫማ ድምፅ መጣ። ባሮክ።

«የት ነው?» አለ ባሮክ እያለከለከ።

«ክኒኔን ረስቼ።»

«አንተ ብሎክ አምስት እኮ ነው ቤትህ። ክኒንህ እዚህ ምን ይሠራል?»

«አንተስ?»

ባሮክ አንድ ደረጃ ወጣና አሰበ። «እኔ… ነፋስ ልቀበል ነው።»

«ዝም ብላችሁ ውጡ!» አለች እትዬ ሄቨን ከላይ። «ትንፋሻችሁን በውሸት አትጨርሱት።»

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ናሆም ግድግዳውን ተደግፎ ሲያርፍ ወደ ታች አየ። ደረጃው ሙሉ ነው። ሰማያዊ ቲሸርት፣ ከሥሩ ሌላ ሰማያዊ ቲሸርት፣ ከዚያም ሥር። ማኅበሩ ሁሉ፣ ከነሊቀ መንበሩ፣ በዝምታ፣ የፊተኛውን ሰው ተረከዝ እያየ ይወጣል። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ምርጥ ንግሥት ያለችው ሰው ቀፎውን ሮጦ የሚያይበት ምክንያት የለውም፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ንግግሩን ማዳመጥ ነው። ናሆም በዚያ ደረጃ ላይ ቆሞ ግቢው ውስጥ ማን እንደቀረ ለማሰብ ሞከረ። ከእንግዳው፣ ከባንቺአምላክና ከሶሊያና በቀር የሚመጣለት ሰው አጣ። የባሮክ እርጥብ ኪስ ያን ጊዜ ገባው። ሊስቅ ፈለገ፤ ትንፋሽ አልነበረውም።

አምስተኛው ፎቅ ላይ ሰልፉ ቆመ። እትዬ ሄቨንን ጉልበቷ ያዛት። አንዱ ክንዷን ደገፈ፣ ሌላው ከኋላ ገፋ፤ ባሮክ የእሷ ጉልበት ከእሱ የባሰ መሆኑን አምኖ ተናገረ። ይህንንም ከእሱ አፍ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ያን ጊዜ ከታች ባዶ እግር በኮንክሪት ላይ ሲሮጥ ተሰማ።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ… በግራ ልለፍ፣ እባካችሁ…»

ባንቺአምላክ ነበረች። ባለ ተረከዝ ጫማዋን በእጇ ይዛለች፤ ፊቷ ወዝቷል። ናሆም ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችው። «ይቅርታ፣ ጋሽ ናሆም» አለች። ናሆም በሥራው የተነሳ ይቅርታን አሳምሮ ያውቃል፤ ይሄኛው የእውነት ነበር። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፋት። ሰልፉም ሁሉ ተለጠፈ፣ አሳለፋት።

ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ከታች የእንግዳው ድምፅ አሁንም ይሰማል። ንግግሩ ገና ነበር መሰል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው እስኪያልቅ ማንበብ ልማድ ነው። ደመናው ከአጥሩ ወዲያ፣ ካላለቀ ሕንፃ በወጣ ብረት ላይ እየተሰበሰበ፣ እንደ ጥቁር ከረጢት እየተንጠለጠለ ነው። ሰዉ በየቀፎው አጠገብ ቆመ። ቀድሞ ክዳን የሚያነሳ ጠፋ።

ናሆም አነሳ። ንቦቹ እስከ ቀፎው አፍ ድረስ ሞልተው፣ ተጨናንቀው፣ እንደ ሐሙሱ ሆነው ተቀበሉት። አንዷ አውራ ጣቱን ነደፈችው። የእሱ አልወጡም። ክዳኑን መልሶ እላዩ ላይ ሁለት እጁን አሳረፈ።

አጠገቡ፣ በማዕዘኑ፣ የጽሕፈት ቤቱ አርማ የተሳለበት ነጭ ቀፎ አለ። ባንቺአምላክ ጫማዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ክዳኑን አንስታ ታያለች። እንጀራዎቹ ላይ የቀሩት ንቦች ዓለቱ የታየበት የተሳሳ ሣር ይመስላሉ። ኃላፊዋ ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብላ ቆየች። ባሮክ፣ እትዬ ሄቨን፣ ሊቀ መንበሩ፣ ሁሉም አዩ፤ ከዚያ ሁሉም ሌላ ሌላ ቦታ ተመለከቱ።

«ጋሽ ናሆም» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቀና ሳትል። «የእርስዎ ስንት ዓመቷ ነው?»

ናሆም መልሱ አፉ ላይ ነበር፤ ደህና ናት፣ ሠራተኛ ናት፣ ሰማያዊ ናት። ደከመው።

«ሦስት ሞልቷታል» አለ። «አራተኛዋን ይዛለች።»

ባንቺአምላክ ራሷን ነቀነቀች። ክዳኑን መለሰችና ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ጥቁር ከረጢት አየች።

«የእኔዋ አምስት ነበረች» አለች።